በመጨረሻ የሚወለወለው አልጋ

እትዬ በረኪና የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላት አይታወቅም። ገና ከኮሪደሩ ጫፍ ስትመጣ ሽታዋ ቀድሟት ይደርሳል፤ ቤቷ ሄዳ ታጥባ ልብስ ቀይራ እንኳ አይለቃትም። ሆስፒታላችን ውስጥ እናቶች ከወለዱ በኋላ የሚተኙበትን ባለ ስምንት አልጋ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጽድታለች። በጭቃ ጫማ የገባ ማንንም አትምርም። ትልቁን ዶክተር ራሱን በር ላይ አቁማ ጫማውን ስታስጠርገው በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሱም እንደ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ጠረገ።

የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። በረኪናው፣ ሳሙናው፣ ጓንቱ፣ ጨርቁ ሁሉ በእኔ መስኮት ያልፋል። ቋጣሪ መሆኔን ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እኔም እኮራበት ነበር። ሕጌ አጭር ነው፤ ለአንድ የጽዳት ሠራተኛ በቀን አንድ ጨርቅ። እትዬ አንድ ሁለቴ ጨምሪልኝ ብላኝ ነበር። ጨርቅ አይበላ ነገር፣ ምን ያደርግልሻል ብዬ ቀልጄባት መለስኳት። ከዚያ ወዲህ ያችኑ አንዷን ጨርቅ ባልዲው ውስጥ እየነከረች፣ የእጇ ጅማት እስኪገታተር እየጨመቀች አልጋዎቹን ሁሉ ታዳርስባት ነበር።

አሠራሯም የራሷ ነው። ሁልጊዜ ከከባዱ ትጀምራለች። ቁስሏ የሚመግል፣ አልጋዋ የቆሸሸ እናት ካለች መጀመሪያ እሷን ትገላገልና ወደ ቀላሉ ታልፋለች። እኛም ጎበዝ እንላት ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድያ ልጇ በኦፕራሲዮን ወለደችና እዚያው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ደረሳት። እትዬ በደስታ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። የሰው አፍ ውስጥ መግባት ግን አትወድም። ለልጇ አደላች እንዳይሏት ሰባቱን አልጋ ጨርሳ የልጇን መጨረሻ አደረገችው። መጨረሻ መሆኑም ተስማማት። የሚያጣድፋት ስለሌለ ብረቱን፣ የፍራሹን ላስቲክ፣ ኮመዲኖውን ተረጋግታ ሁለት ሁለቴ ትወለውለዋለች። በዚያው ሳምንት በሩ አጠገብ ስፌቷ ተከፍቶ መግል የሚወጣት እናት ተኝታ ነበር። እትዬ እንደ ልማዷ የምትጀምረው ከእሷ ነው።

በአራተኛው ቀን ልጅቷን ትኩሳት ያዛት። ስፌቱ ቀላ፣ አበጠ፣ ከዚያም መገለ። ለብቻዋ ክፍል አስገቧት። እትዬ መስኮቴ ላይ መጥታ በረኪና ጨምሪልኝ አለችኝ። ጨመርኩላት። ጨርቅ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልሰጠኋትም። ያችኑ አንዷን ይዛ የልጇን ክፍል በቀን አራቴ መወልወል ያዘች። ልጅቷ ግን ባሰባት። ሐኪሞቹ ቁስሉን እንደገና ከፍተው ሲያጥቡ፣ እትዬን ኮሪደሩ ላይ ባልዲዋን ታቅፋ ቁጭ ብላ አየኋት።

ኢንፌክሽን የምትከታተለው ነርስ የመጣችው በማግስቱ ነው። እትዬን ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለች አረፈደች። ከየትኛው አልጋ እንደምትጀምር፣ በየትኛው እንደምትጨርስ፣ ስንት ጨርቅ እንዳላት ጠየቀቻት። ከዚያ በትሕትና አስረዳቻት፤ ለየአልጋው የራሱ ጨርቅ፣ መጀመሪያ ንጹሑ፣ የሚመግለው መጨረሻ። የቆሸሸ ውኃ ውስጥ በረኪናውም ጉልበት ያጣል አለቻት። በሽታው በጨርቁ ነው የመጣው ብዬ መማል አልችልም፣ መንገዱ ብዙ ነው ብላም ጨመረች። እትዬ ይቺን የመጨረሻዋን አልሰማቻትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ የነገራት ሰው አልነበረም።

ቀጥ ብላ ወደ መስኮቴ መጣች። ጨርቋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው።

"የሰዉን መግል ሰብስቤ ለልጄ ያደረስኩት እኔ ነኝ" አለችኝ።

አላለቀሰችም። ብትሰድበኝ በወደድኩ። ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ ሁለት ጆንያ ሙሉ የተቆረጠ ጨርቅ ተቀምጧል፤ ለክፉ ቀን ብዬ ያኖርኩት ነው። አየችው። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ልጅቷ ተረፈች። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ መስኮቱ ሥር ወዳለው አልጋዋ ሊመልሷት ሆነ። በዚያ ጠዋት ስምንት ጨርቅ አዘጋጅቼ እትዬን ጠበቅኳት። ሰባቱን ወሰደችና አንዱን መለሰችልኝ።

"የልጄን አንቺ ወልውይላት" አለችኝ። "እኔ እጄን አላምነውም።"

ሆስፒታሉ ውስጥ ስሠራ ጨርቅ ሰጥቼ እንጂ ጨርቅ ይዤ አላውቅም። ጓንት አጠለቅኩና፣ ሌላው አልጋ ሳይነካ፣ የልጅቷን ከራስጌ እስከ ግርጌ ወለወልኩ። እትዬ እጆቿን ከጀርባዋ አጣምራ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፤ አንድ እርምጃ አልተጠጋችም። ልጅቷን ደግፈው ሲያስገቧት፣ ስታልፍ ለእናቷ እጇን ዘረጋችላት። እትዬ ሸሸት አለች።

ልጅቷ አልጋው ላይ ጋደም ካለች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

"እማዬ ምን ሆነች? ደከማት እንዴ?" አለችኝ ቀስ ብላ። "እሷ ብትሆን እኮ ሁለቴ ነበር የምትወለውልልኝ።"

ወደ በሩ ዞር አልኩ። እትዬ በረኪና ባልዲዋን እዚያው ትታ ወጥታለች።