ማገዶ የተባለው ቡፌ

ትናንት እንጅባራ ቤቴ፣ ያረጀ ወንበር ልቀባ የቫርኒሽ ቆርቆሮ ስከፍት ሽታው የልጅነቴን ዳንግላ አመጣብኝ።

አባቴ እናቴን ሲፈታት፣ ታላቅ እህቱ እግሩ የተሰበረ ቡፌ በጋሪ አስጭና መጣች። “ድርሻሽ ይኸው፤ ለማገዶ ይሁንሽ” አለቻት።

እናቴ ቡፌውን ሦስት ቀን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀችው። ከአረንጓዴው ቀለም ሥር ዋንዛው ብቅ ሲል፣ “እማ፣ ማገዶ አይደለም እንዴ?” አልኳት።

“ማገዶ ያሉት እኔን ነው” አለች። አልገባኝም።

እግሩን አስጠግና፣ ቫርኒሽ ቀብታ፣ በራችን ላይ የሻይ መሸጫ አደረገችው። አክስቴ ቅዳሜ ወደ ገበያ ስታልፍ እናቴ ጮክ ብላ ተጣራች፤ “ይግቡ እትዬ፣ ማገዶዬ ላይ ሻይ ይጠጡ!”

እኔንም ባሌ ከፈታኝ ወር ሆነ። ትናንት ሊያጽናኑኝ የመጡትን ጎረቤቶቼን፣ “ይሄ ልቅሶ ቤት አይደለም፤ ኑ፣ ስቀባ ወንበሩን ያዙልኝ” አልኳቸው።