የጋሼ ቃል፦ «ህሊናዊነት»

ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አጎቴ፣ ሰው ምኞቱን እንደ እውነት አድርጎ ሲናገር በአንድ ቃል ያስቆሙት ነበር፦ «ህሊናዊነት!» ለጠየቃቸውም ያስረዳሉ፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይመረምሩ «እኔ እንዲህ ስለተሰማኝ እንዲህ ነው» ብሎ መደምደም ነው። በመንግሥት ሥራ ዘመኔ ብዙ ደንቦች ሳረቅቅ ከዚህ የጠራ ፍቺ አልጻፍሁም። በስደት በኖሩባት በፌርፋክስ ከተማ፣ በሚያዘወትሩት ምግብ ቤት ይህ ቃል ያልደረሰው ወዳጅ አልነበራቸውም።

ጋሼ ታመው ሆስፒታል ገብተው፣ አንድ ቀን እንቅልፍ ላይ ሳሉ ሐኪሙ ከክፍሉ ውጭ ጠርቶን ሕመሙ እንደማይድን ነገረን። እንደ ልማዳችን ነገሩን ልንደብቃቸው ተስማማን። ስንመለስ ነቅተው ጠበቁን።

«አባዬ፣ ኦኬ ነህ እኮ፤ ፊትህ ራሱ በርቷል» አለቻቸው ልጃቸው።

«እሱ ያንቺ ስሜት ነው። ሐኪሙ ምን አለ?»

እርሷ ትራሱን ማስተካከል ስትጀምር ወደ እኔ ዞሩ። ነገርኋቸው።

«እንግዲያው የንስሐ አባቴን ጥራልኝ» አሉ። «ይህንን ልትነፍጉኝ ነበር።»

ካህኑ በጊዜ ደረሱ።

ከቀብሩ በኋላ በዚያው ምግብ ቤት ተሰበሰብን። አንድ ወዳጃቸው፣ «ለእኔ ጋሼ አልሞቱም» አለ። ልጃቸው ወደ ባዶ ወንበራቸው ዞር ብላ ቃሉን ጠበቀች። የሚያርመው አልነበረም።