ቧንቧው ማንን ይወዳል?

ቢቸና ውስጥ የዘይት መጭመቂያ የሚገጥም ወርክሾፕ ውስጥ በኢንጂነርነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ አቶ ፈንታሁን ከብየዳው ራቅ ያለ ጥግ ወስደው አንድ ኮምፒዩተር አሳዩኝ። የብየዳው ብናኝ እንዳይገባበት በአንሶላ ተሸፍኗል።

"ቧንቧው ሳይዘረጋ ፍሰቱን የሚያሳይ ፕሮግራም አለው" አሉኝ። "እስካሁን የሠራበት የለም። ደንበኛ ሲመጣ ግን እንከፍተዋለን።"

የመጀመሪያው ሥራዬ የሞጣዋ እትዬ ጥሩወርቅ ሆነ። የኑግ ዘይት ጨምቀው የሚሸጡ፣ በአካባቢው የተከበሩ ሴት ናቸው። ዘይቱ በፍል ውሃ ይታጠብና ሁለቱ አብረው በቀጭን የብረት ቧንቧ ግቢውን አቋርጠው ወደሚጠልሉበት በርሜል ይሄዳሉ። ትንሽ ፓምፕ ነበር የፈለጉት፤ የሰፈሩ መብራት ትልቁን አይችልም።

ፕሮግራሙ ስለ ቧንቧው ግድግዳ ጠየቀኝ። ዘይት ውስጥ ያለ የውሃ ጠብታ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ማዕዘኑ ስንት ነው? ጠብታው ከተነጠፈ ግድግዳው ውሃ ወዳድ ነው። ከተድቦለቦለ ዘይት ወዳድ ነው። ፕሮግራሙ ራሱ የሞላው ዘጠና ዲግሪ ነበር፤ ማንንም አይወድም ማለት ነው።

ሁለቱንም ሞከርኩ። ውሃ ወዳድ ሲሆን ውሃው ግድግዳውን ይዞ ዘይቱ በመሀል ሸርተት ይላል፤ ትንሹ ፓምፕ ይበቃል። ዘይት ወዳድ ሲሆን ዘይቱ ግድግዳው ላይ ይለጠፍና ፓምፑ ያቃስታል።

"ውሃ ወዳድ በይዋ!" አሉ አቶ ፈንታሁን።

"ባይሆንስ?"

"ደንበኛችን የፈለጉት ትንሹን ነው።"

አላመንኩም። ቧንቧው ቀድሞ ሞጣ ደርሶ ስለነበር በአውቶቡስ ሄድኩ።

"ምን ልታዪ መጣሽ ልጄ?" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

"ቧንቧው ውሃ ይወድ እንደሆን ወይስ ዘይት፣ ልፈትን ነው።"

"በስመ አብ! ይኼ ብረት?"

በረንዳው ላይ የተቀመጡት ወንድማቸው መሪጌታ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። "ዘይትና ውሃ እንደተጣሉ ነበር የምናውቀው። አስታራቂ ተቀጠረላቸው?"

ወሬው ገበያ ደረሰ። ምሳ ልበላ ስገባ አስተናጋጁ ሳይቀር "ቧንቧው ማንን መረጠ?" አለኝ።

ከቧንቧው ሁለት ቁራጭ አስቆረጥኩ። አንዱን በሳሙና አጥቤ ውሃ እንዳረጠበው፣ ሌላውን ደረቁን፣ ዘይት ውስጥ አሳደርኳቸው። በማግስቱ በመርፌ ውሃ ጠብ አደረግኩባቸውና ማዕዘኑን በተማሪ ፕሮትራክተር ለካሁ። በመጀመሪያው ላይ ጠብታው ተነጠፈ። በሁለተኛው ላይ እንደ ባቄላ ድብልብል ብሎ ቀረ። ብረቱ ያው አንድ ብረት ነው።

ተመልሼ ለአቶ ፈንታሁን ነገርኳቸው።

"ታዲያ ትክክሉ የቱ ነው?"

"ሁለቱም። ቀድሞ የነካው ነው የሚወስነው።"

"ፕሮግራሙ ላይ 'እንደ ሁኔታው' የሚል አለ?"

"የለም።"

"እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር!" ብለው አንሶላውን መልሰው አለበሱት።

በመጨረሻ ትንሹን ፓምፕ ገጠምን፤ ቧንቧው ውስጥ ሁልጊዜ ፍል ውሃ እንዲቀድም ለውሃው የብቻው መክፈቻ ቫልቭ ጨመርን። መጀመሪያ የውሃውን፣ ቀጥሎ የዘይቱን እንዲከፍቱ እትዬ ጥሩወርቅን ደጋግሜ አስጠነቀቅኳቸው። "እሺ ልጄ" አሉኝ።

የምረቃው ቀን ግቢው በነጭ ልብስ ሞላ። አቶ ፈንታሁን አዲስ ሱፍ ለብሰው ከፓምፑ አጠገብ ቆሙ። እትዬ ጥሩወርቅ ቫልቩን በገዛ እጃቸው ከፈቱ፤ የዘይቱን። የውሃውን ዘግተውት ኖሯል።

ፓምፑ አቃሰተ። ቧንቧው ተንቀጠቀጠ። የቧንቧው መጋጠሚያ ተፈናጥሮ ወጣና ዘይቱ አቶ ፈንታሁንን ከክራባታቸው እስከ ጫማቸው አለበሳቸው።

ሮጬ ፓምፑን አጠፋሁ። "እትዬ፣ ውሃውስ?"

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። "ይኼ ሁሉ ሰው እያየ በዘይት ቧንቧዬ ውሃ ልልቀቅ? ነገ ገበያው 'ጥሩወርቅ ዘይቷን በውሃ ታበዛለች' ሲል ማን ያስተባብልልኛል?"

ልክ ነበሩ፤ ፕሮግራሙ ስለ ስም አይጠይቅም።

ድንገት መሪጌታ ተነሡ። "ምእመናን! ካህን እንኳ እጁን ሳይታጠብ አይቀድስም። ቧንቧውም ይታጠባል!"

እትዬ ጥሩወርቅ ፊታቸው በራ። "ሰማችሁ? የኔ ቧንቧ ሳይታጠብ አይሠራም!"

ሰው ሁሉ እያየ መጋጠሚያውን አጠበቅን፤ ቧንቧውን በሳሙናና በፍል ውሃ አጠብን፤ ውሃውን አስቀድመን ዘይቱን አስከተልን። ፓምፑ ሳያቃስት በርሜሉ ሞላ። እልልታው ቀለጠ። አቶ ፈንታሁን ዘይት እያንጠባጠቡ አጨበጨቡ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ጥሩወርቅ ደንበኛ መጥቶ ካላየ ውሃውን አይለቁም፣ ፓምፑንም አያስነሡም ነበር። ደብረ ኤልያስ ድረስ "የታጠበ ቧንቧ ዘይት" እየተባለ ተሸጠላቸው።

በሥራው ላይ ላላችሁ የምለው ይኼን ነው፦ ፕሮግራሙ የሞላላችሁን የግድግዳ ቁጥር ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ግድግዳውን ቀድሞ የሚነካው ምን እንደሆነ ጠይቁ። ቫልቩን የሚከፍተው ሰው ምን እንደሚፈራም ጠይቁ።