ለጃፓኗ ሴት የተደገሰ ተዝካር

የመተማ ሰው አሰበችን የሚያውቃት በሁለት ነገር ነበር፤ በእጇና በአፏ። እጇ ሹሩባ ሲሠራ ፀጉር የነካም አይመስል፤ አፏ ግን የተሠሪዋን ዘር ማንዘር ሳይነካ አያልፍም። ከማዶ ከገላባት እየተሻገሩ የሚመጡት የሱዳን ሴቶች «መሻጣ» ይሏታል፤ ፀጉር ሠሪ ማለታቸው ነው። እነሱ የሚወዱትን ቀጭን ጉንጉንም፣ የእኛዎቹ የሚወዱትን የጎንደር ሹሩባም ታውቅበታለች። ገበያው ዳር ካለችው ግራር ሥር ቁርበቷን አንጥፋ፣ የደንበኛዋን ራስ በጉልበቶቿ መሀል ቆልፋ ትቀመጣለች። ራሱ የተያዘበት ሰው ደግሞ መልስ ለመስጠት አይመቸውም።

«ቀና በይ እንጅ! ራስ ነው ወይስ ቅል የተሸከምሽው?» ትላለች። ሴቶቹ ይስቃሉ እንጂ አይቀየሟትም። አፏ እንጂ ልቧ ክፉ እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ልቧ የት እንዳለም ያውቃሉ።

ባሏ ያረጋል በ1928 ጥር ላይ ወደ ሽሬ ዘመተ። በሚያዝያ ጣሊያን መተማ ገባ። ከዘመቱት የተረፉት አንድ ሁለት እያሉ ተመለሱ፤ ያረጋል ግን አልመጣም። አሰበች የተመለሰውን ሁሉ ከደጁ እየሄደች ጠየቀች። አንዱ አውሮፕላን በጣለው ቦምብ ሲወድቅ አይቻለሁ አላት። ሌላው ተከዜን አብረን ተሻግረናል፣ ከያዝኩት በሶም አካፍየዋለሁ ብሎ ማለላት። ሦስተኛው ደግሞ ወልቃይት በረሃ ከአርበኞች ጋር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ አለ።

«ፊቱን አየኸው?» አለችው ሲወድቅ አይቻለሁ ያላትን።

«ፊቱንስ አላየሁም። ጋቢውን ነው ያየሁ።»

«ጋቢማ ስንቱ ለብሷል» ብላው ሄደች።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ይለቀስለታል፤ በአርባው ተዝካሩ ይወጣል፤ ካህናት ይጸልዩለታል፣ ደሀ ይበላለታል። ተዝካሩ ያልወጣለት ሰው ነፍሱ ማረፊያ አጥታ ትንከራተታለች ይባላል። በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር ማውጣት ደግሞ በቁሙ መቅበር ነው። አሰበች በእነዚህ በሁለቱ መሀል ሦስት ክረምት ቆመች። ለቅሶም አልተቀመጠች፣ ተስፋም አላት ማለት አይቻልም። የያረጋል ወንድም ውባንተ በየመስከረሙ ከእርሻው እየመጣ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «እባክሽ፣ የወንድሜ ነፍስ ትረፍ» ይላታል። ውባንተ ነገር የማያበዛ ሰው ነበርና ይህችን ለማለት ዓመቱን ሙሉ የሚዘጋጅ ይመስለኛል። እሷም በየመስከረሙ አንድ መልስ ነበራት፤ «ሬሳውን ያየ ሰው አምጣልኝ።»

ሲኒማው የመጣው በዚህ መሀል ነው። ሽኩር የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ደግ፣ ቀልደኛ፣ ትንሽ ጉራም የማያጣው። በ1930 ጥቅምት ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ካርቱም የሚሄድ አንድ ግሪካዊ በእጅ የሚዞር የሲኒማ መኪናና አንድ ፊልም ለቆለት ሄደ። ፊልሙ የጃፓን ነው። የጃፓን አቡጀዲ በፖርት ሱዳን በኩል ሲገባ አብሮ ይግባ፣ በሌላ መንገድ ይምጣ፣ ግሪኩ ራሱም አያውቅ። ድምፅ የለው፤ ቀለሙም ጥቁርና ነጭ ብቻ። በየመሀሉ ጽሕፈት ብቅ ይላል፤ ዓረብኛ አይደል፣ ግእዝ አይደል፣ የጣሊያንም አይደል። ሽኩር ቁርአን ይቀራልና ማንበብ የሚችለው እሱ ነው ተብሎ ተወሰነ፤ እሱም አልችልም ማለት አፈረ። ከዚያ ወዲያ ጽሕፈት በወጣ ቁጥር ጉሮሮውን ይጠርግና አፉ ላይ የመጣለትን ይናገራል።

የጣሊያኑ ሹም ማታ መሰብሰብ ከልክሎ ነበር፤ አንድ ምሽት መጥቶ አየና ሳቀ፣ በጊዜ ከተበተኑ ይሁን አለ። ስለዚህ ገና ሲጨልም፣ ሽኩር ከሱቁ ጓሮ በሁለት እንጨቶች መሀል አቡጀዲ ይወጥራል፤ ብርሃን እንዲያሳልፍ ውሃ ይረጭበታል፤ የካርባይድ መብራቱን ይለኩስና መኪናውን ያዞራል። ወንዶቹ ከጨርቁ ፊት፣ ሴቶቹ ከጨርቁ ኋላ ይቀመጣሉ። ሁለቱም ወገን ያያል፤ ግን ለአንዱ ቀኝ የሆነው ለሌላው ግራ ነው። ሴትዮዋ የምታነሳው ቀኝ እጇን ነው ግራ እጇን በሚል ስንት ባልና ሚስት ተኳርፎ እንዳደረ አትጠይቁኝ።

የፊልሙ ነገር እንዲህ ነው። አንድ ጀልባ ቀዛፊ ነጭ የለበሰች ሴት ያሳፍራል። ወንዙ መሀል ሲደርሱ ይገፈትራታል። ትሰጥማለች፤ እጇ ብቻ ይቀራል፣ ከዚያ እሱም ይጠፋል። ጥቂት ቆይቶ ዝናብ ይጥላል፤ የወንዙ ዳር ሸምበቆ ይከፈልና ሴትዮዋ ትወጣለች። ፀጉሯ ርሶ እስከ ወገቧ ወርዷል፣ ፊቷን ሸፍኗል፤ እግር የላትም። የገዳይዋ ደጅ ድረስ ሄዳ ትቆማለች። አትጮኽ፣ አትማታ። አንድ እጇን ታነሳለች፤ በቃ። ሰውየው በየማታው ሲያያት አብዶ በራሱ እግር ወንዝ ይገባል።

የመጀመሪያው ቀን ግማሹ ሰው ነጠላና ጫማውን ጥሎ ሮጠ። በማግስቱ የሮጠው ሁሉ ያልመጣውን ጎረቤቱን ይዞ ተመለሰ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት አለፈው፤ ያችው አንዲት ፊልም፣ ያችው አንዲት ሴት። የፊልሙ ጥቅል እየተጫረ ሄዶ ጨርቁ ላይ በጋም ክረምትም የሚዘንብ መሰለ፤ ሰው ግን አልሰለቸም። ይህን ስነግራቸው የሚስቁ የከተማ ሰዎች አሉ፤ ይሳቁ። በዚያ ዘመን የሚያስፈራ ነገር ጠፍቶ አልነበረም፤ ጣሊያን ሰውን ከቤቱ አንስቶ ይወስዳል፣ የሄደው አይመለስም፣ ጮኾ መፍራት እንኳ አይፈቀድም። ከሽኩር ጓሮ ግን ጉሮሮ እስኪነቃ ጮኾ፣ እየሳቁ ቤት መግባት ይቻላል። ደግሞ የሴትዮዋ ፊት በፀጉር ስለተሸፈነ እያንዳንዱ የራሱን ሙት ያይበታል። ፊቷ ቢታይ ኖሮ በሦስተኛው ቀን የሚሄድ አይኖርም ነበር ባይ ነኝ።

አሰበች አንድም ምሽት አልቀረችም። «ይህችን ልጅ ለእኔ አምጡልኝ!» ትላለች ሴትዮዋ ከሸምበቆው ስትወጣ፤ «ምን ያለው አገር ነው ፀጉር ሠሪ የሌለበት? በአንድ ቀን ነው የማስተካክላት!» ሴቶቹ ከፍርሃታቸው መሀል ይስቃሉ። ልብ ብሎ ያያት ሰው ግን አንድ ነገር ይታዘባል። ሌላው ሰው ዓይኑን የሚሸፍነው ሙቷ ስትመጣ ነው፤ አሰበች ግን የምትጨነቀው ሴትዮዋ ስትሰጥም ነበር፤ ወደ ጨርቁ ጠጋ ብላ፣ እስትንፋሷን ይዛ፣ ያ እጅ እስኪጠፋ ዓይኗን አትነቅልም። ሙቷ ስትወጣ ትተነፍሳለች።

ጣጣው የመጣው ከወንዙ ነው። ሴቶቹ ማለዳ ውሃ መቅዳት ፈሩ። ሸምበቆ ባለበት ሁሉ ሴትዮዋ ያለች መሰላቸው፤ ፀሐይ ካልወጣ፣ አምስት ስድስት ካልሆኑ አይወርዱም። በመጨረሻ ተሰብስበው ሽኩርን ያዙት። «ምን ፈልጋ ነው የምትመጣ? ጽሕፈቱ ምን ይላል? ንገረን!»

ሽኩር ተጨነቀ። ደስ ይላቸዋል ብሎ ከራሳቸው ወግ የሰማውን ቃል ወረወረ። «ተዝካሬን አውጡልኝ ነው የምትለው።»

እንዲህ ያለውን ቃል ለክርስቲያን ሴቶች ተናግሮ መመለስ የለም። «አላልናችሁም ነበር!» ተባለ፤ «ተዝካሯ ያልወጣ ነፍስ ናት! ዘመድ የላት፣ አገሯ ሩቅ፣ እኛ ካላወጣንላት ማን ያወጣላታል?» ጌሾና ማሽላ ይዋጣ ተባለ። ሽኩር ነገሩ ከእጁ ሲያመልጥ አየና፣ «ተዝካሯ ከወጣ በኋላ አርፋ ብትቀርብኝስ? ምን አሳያለሁ?» አለ። ማንም አልሰማውም። ከልቡ ሐዘን ገብቶት እንደሆነ አላውቅም፣ እሱም ስኳርና ለሙስሊሞቹ የሚታረድ ፍየል አዋጣ።

ከሁሉ በላይ የተጋችው አሰበች ነበረች። ጠላውን በቤቷ ጠመቀች፣ እንጨቱን አስፈለጠች፣ ለሰነፎቹ ሁሉ የእጃቸውን ሰጠቻቸው። ውባንተ ይህን ሰምቶ ከእርሻው መጣ። መስከረም አልነበረም፤ ጥር ነው፤ ለሦስት ዓመት አንገቱን ሲደፋ የነበረው ሰው በዚያን ቀን ቀና ብሎ ገባ።

«አሰበች፣ እውነት ነው የሚሉት? ለማታውቂያት ለጃፓን ሴት ትደግሻለሽ?»

«አዎ።»

«ወንድሜስ? የወንድሜ ነፍስ ከዚያች ጥላ አነሰች?»

አሰበች የያዘችውን ማሰሮ አስቀመጠች። «እሷ መሞቷን በዓይኔ አየሁ» አለችው። «አንድ ቀን አይዶል፣ መቶ ቀን። እንዴት እንደሞተች፣ የት እንደሞተች፣ ማን እንደገደላት አውቃለሁ። የእሱን ማን አየልኝ? አንተ አየህልኝ?»

ውባንተ ተመልሶ አልሄደም፤ ውጭ ወጥቶ የድግሱን እንጨት ይፈልጥ ጀመር።

መምሬ አዛናው ሲጠሩ አሻፈረኝ አሉ። የያረጋልም የአሰበችም የነፍስ አባት ናቸው። «ያልተጠመቀች፣ ያውም የጨርቅ ላይ ጥላ! ቤተ ክርስቲያን ታፌዝ?» አሉ። ሴቶቹ ለቀቅ አላደረጓቸውም። «አለመጠመቋን በምን አወቁ? ውሃ ውስጥ ገብታ የለም እንዴ?» አለች አንዷ። ሌላዋ፣ «መምሬ፣ ራስዎን ተሸፋፍነው ከወንዶቹ ኋላ ሲያዩ አላየንዎትም መሰለዎት?» አለቻቸው። መምሬ ሳላቸውን ሳሉና፣ ጸሎቱን ለሞቱት ሁሉ እናደርሳለን፣ መጥቼ ማዕዱን እባርካለሁ ብለው ተስማሙ።

ድግሱ እኩለ ቀን ላይ በአሰበች ደጅ ተዘረጋ። ደሀው ተሰበሰበ፤ ሙስሊሞቹ ፍየላቸውን ለብቻ አርደው ከዳሱ ጥላ ወዲያ ተቀመጡ። መምሬ አዛናው መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ። የጸሎቱን መጀመሪያ ካደረሱ በኋላ ከልማድ ብዛት ሳያስቡት፣ «የክርስትና ስም?» አሉ።

ይህን ማንም አላሰበውም። ስም ሳይጠራ ተዝካር የለም፤ የሟቹ የክርስትና ስም ተጠርቶ ነው ነፍስ ይማር የሚባለው። ሰው ሁሉ ዞሮ ሽኩርን አየው። ሽኩር አፉን ከፈተ፤ ለዓመት ያህል አንድም ቀን ወሬ አጥቶ የማያውቀው ሰው ያን ለታ አጣ። «እኔ እንጃ» አለ። «ጽሕፈቱንም ማንበብ አልችልም። ችየም አላውቅ። ይቅር በሉኝ።»

ማጉረምረም ተነሣ። መምሬ እጃቸውን ወደ ታች ሊያደርጉ ሲሉ አሰበች ከበሩ ላይ፣ «ወልደ ሥላሴ በሉ» አለች።

ሴቶቹ ተሳሳቁ። «የወንድ ስም ነው እንጅ! ለሴት ወለተ ነው» አለች አንዷ።

መምሬ ግን አልሳቁም። ያን ስም የሚያውቁት እዚያ ከነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የነፍስ አባቱ፣ ወንድሙና ሚስቱ። ወደ እሷ ቀረብ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ መሞቱን እርግጠኛ ሆንሽ?» አሏት።

«አልሆንሁም፣ መምሬ» አለች። አፏ ያን ሁሉ ዓመት እንዲያ ሆኖ አያውቅም፤ ስድብም ቀልድም የለበት። «ማንም አላየልኝም። ይች ሴት ሙታ እንኳ በየማታው ከገዳይዋ ደጅ ትቆማለች። እኔም ቢኖር በእግሩ፣ ቢሞት በጥላው ይመጣል ብየ ደጄን ሳልዘጋ ሦስት ዓመት ጠበቅሁ። አንድ ቀን እንኳ አልመጣም። ደከመኝ፣ መምሬ።»

መምሬ አዛናው ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ጮክ ብለው፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «ነፍሰ ወልደ ሥላሴን ይማር» አሉ። ሴቶቹ ያን ጊዜ ገባቸው። ከእንጨቱ ክምር አጠገብ ውባንተ ምሳሩን ጣለና «ወንድሜን!» ብሎ ጮኸ፤ አሰበችም ነጠላዋን አደግድጋ ከጎኑ ቆመች፣ የያረጋልም ለቅሶ በዚያ እኩለ ቀን ተጀመረ።