አንዴ ብቻ የተደመጠው ራዲዮ

ይህ ሰው ትዝታ ይገባዋል ወይ እያልሁ ብዙ አመንትቻለሁ፤ ቢረሳ ይሻል ነበር። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ስለ ዝናብ ራዳር የሚያስተምሩን መምህር የመቀበያውን ድምፅ በማጉያ አሰሙን። ሽሽሽ የሚለው ጩኸት ወዳደግሁባት ከተማ ወደ ከሚሴ፣ መምህር ታፈሰ ደጃፍ ወሰደኝ።

መምህር ታፈሰ የልጅነቴ የሳይንስ አስተማሪና የገበሬ ማኅበሩ ካድሬ ነበር። ውጭ አገር ጥቂት ወራት ተምሮ ራዳር አይቷል ይባላል። ፀጉሩን ቅባት ይቀባል፤ ቆዳ የለበሰ የባትሪ ራዲዮኑን በትከሻው አንጠልጥሎ ይዞራል፤ የገበሬን ሰላምታ በአገጩ ይመልሳል። የራዲዮኑን መርፌ ከጣቢያዎቹ ውጭ ያደርገውና ከተንጫጫ ዝናብ እየመጣ ነው፣ ዝም ካለ ሰማዩ ንጹሕ ነው ይለናል። «የኔ ራዳር» ይለው ነበር።

አንድ ዓመት ኅዳር ላይ አባቴ ጨፋ ሜዳ ላይ የዘራውን ጤፍ አጭዶ አስተኝቶታል። የዓመት ቀለባችን እሱ ነበር። በማግስቱ በደቦ ሊከምረው ሲል፣ መምህር ታፈሰ ሰዎቹ መጀመሪያ የማኅበሩን ማሽላ እንዲቆርጡ አዘዘ። አባቴ ዝናብ ቢመጣስ ብሎ ፈራ። መምህሩ ራዲዮኑን ከፈተ፣ ለአፍታ ጆሮውን አስጠጋ፣ ዘጋው። ዝም ብሏል አለ።

«ጓድ መምህር፣ እስቲ ማታም ደግመው ያዳምጡት» አለው አባቴ።

«አባ ሰይድ፣ ሳይንስ እንደ በሬ ዋጋ ሁለቴ አይጠየቅም።»

አሁን ስማር እንደገባኝ፣ ራዳር ራሱ አንዴ ሰምቶ አያምንም። ሞገዱን ልኮ እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ማሚቶው እስኪመለስ ከወሰደው ጊዜ ርቀቱን ያውቃል። የሚመለሰው ግን ደካማ ስለሆነ፣ ከጫጫታው ለመለየት ደጋግሞ ልኮ አማካዩን ይወስዳል። ይህ ገና የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። መምህር ታፈሰ እዚያም አልደረሰም።

ማሽላው ተቆርጦ ሳያልቅ ዝናቡ ወረደ፤ ሳያባራም ሰነበተ። ጎረቤታችን አባ ሙሔ፣ «በሉ ራዲዮኑን ጤፉ ላይ አልብሱት» አሉ፤ ማንም አልሳቀም። መምህር ታፈሰ ባትሪው ደክሞ ነው አለ እንጂ ይቅርታ አልጠየቀም። ሰኞ ክፍል ገብቶ ስለ ራዳር አስተማረን፤ እኛም ጻፍን።

ጤፉ በተኛበት በቀለ፣ ጠቆረ፣ ሻገተ። አባቴ ወይፈኑን ሰንበቴ ገበያ ወስዶ ሸጠና በቆሎ ገዛ። መምህር ታፈሰ በሹመት ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። ለእኛ የተወልን የሻገተውን ጤፍ ነው፤ ከብቶቹ እንኳ አሽትተውት ያልፉ ነበር። አባቴ እሳት የለኮሰበት ጥር 20 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው።