ጋሽ ሁለት ጣትና የወገብ ቀበቶው

ልብስ ሰፊው የወጣለት ስም አለው፤ ግን ማንም አይጠራበትም። ሰፈሩ «ጋሽ ሁለት ጣት» ነው የሚለው። ሱሪ ይሁን ቀሚስ፣ ወገቡ ላይ ሁለት ጣት ሳይጨምር ሰፍቶ አያውቅማ! «ኧረ ልክክ አርገህ ስፋልኝ» ብትለው ወይ ፍንክች። «ሰው ይበላል፣ ይቀመጣል፣ ይስቃል። ትንፋሽ የሌለው ልብስ ለብሶ በምኑ ይሳቅ?» ይልሃል፣ መርፌዋን በከንፈሩ ነክሶ፣ ቃሉ በጥርሱ መሃል እያፏጨ። ሙሽራ አልቅሳበታለች፤ ሁለት ጣት ጨምሯል። ፖሊስ ተቆጥቶታል፤ ሁለት ጣት ጨምሯል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ሱቁ ከፊት ነው፣ መኖሪያው ከመጋረጃው ጀርባ። አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ ሁለት ወንበር። አንደኛው ወንበር ላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ ተቆልሏል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እዚያ ላይ የሚቀመጥ ስለሌለ፣ ጨርቁም አገሬ ብሎ ተኝቷል።

ይኸው ሰው አመመው። እንዴት ያለ ሕመም መሰለህ! ከቂጡ፣ ይቅርታ፣ ከመቀመጫው ይነሳና በጭኑ ጀርባ፣ በባቱ አድርጎ እስከ ትንሿ የእግር ጣቱ እንደ ኮረንቲ ይነዝረዋል። ሲቆም ትንሽ ይተወዋል፤ ከልብስ መኪናው ፊት ሲቀመጥ ይመጣል። ሰፈሩ ደግሞ ሐኪም አያጣ።

«ብርድ ነው ጋሼ፣ ብርድ!» አለው ጎረቤቱ ቁልፍ ቀራጩ።

«የምን ብርድ? እርጅና ነው፣ በግልጽ ንገሩት እንጂ» አለች የሻይ ቤቷ ባለቤት፣ ብርጭቆ እያለቀለቀች።

«እኔ ገና ነኝ» አለ እሱ።

«ገናማ ገና ነህ፤ ከወገብ በላይ።»

ታናሽ እህቱ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። ስትደውል ስልኩን ከጆሮ ራቅ አድርጎ መያዝ ነው፤ አለዚያ ታደነቁራለች። «ወንድምዓለም! ምን ትሠራለህ እዚያ ብቻህን? ዝጋውና ና! የጓሮዋ ክፍል ባዶ ናት። ምግብህ በሰዓቱ ይመጣልሃል፣ ልጆቹ አሉ፣ ቴሌቪዥን አለ። ቶሎ ቁርጡን ንገረኝ ታዲያ፤ ተከራይ በሬን እያንኳኳ ነው።»

የጓሮዋን ክፍል በደንብ ያውቃታል። አጎታቸው ያለቀው እዚያ ነው። ክፉ ነገር አልደረሰበትም፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ልብሱ ይታጠባል። ብቻ እየቆየ ሲሄድ ሰዉ ሁሉ ስሙን ረሳና «የጓሮው በላ?» ይባባል ጀመር። የልብስ ሰፊው ፍርሃት ይቺ ናት። መቀመጥ ካልቻለ መስፋት የለም፤ መስፋት ከሌለ ጓሮ ነው።

እያነከሰ ክሊኒክ ሄደ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ አፏ እንደ መኪና ይሽከረከራል። «ዲስክ ነው አባቴ፣ ነርቩን ተጭኖት ነው፣ ሳያቲካ ይባላል፣ አብዛኛው ሰው እየቆየ ይሻለዋል፣ ብዙ አይቀመጡ፣ ይነሱ፣ ይራመዱ፣ ይቺን እንቅስቃሴ ጠዋት ማታ ይሥሩ፣ ሽንት እንቢ ካለዎት ወይም እግርዎ ከሰነፈ በሩጫ ይምጡ!»

«እግሬ ከሰነፈ በምኔ ልሩጥ?»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጠች። «በመኪና ይምጡ።»

«ቀበቶ የሚሉትስ? ወገብ የሚይዘው?»

«በሥራ ሰዓት ያግዝዎታል እንጂ አያድንዎትም። ሲያርፉ ያውልቁት። ልክዎ ካልሆነ ደግሞ ዋጋ የለውም።»

*ልክዎ ካልሆነ!* ለልብስ ሰፊ እንዲህ ይባላል? በሆዱ እየሳቀ ወጣ።

የሕክምና ዕቃ መደብሩ መስኮት ላይ ጭንቅላትና እግር የሌለው የፕላስቲክ ሰው ቀበቶ ታጥቆ ቆሟል። ውስጥ ያለችው ሻጭ ደግሞ ስታወራ ዜማ አላት፤ «እንኳን ደህና መጡ የኔ አባት፣ ምን ልታዘዝዎ?» ስትል መጨረሻው ላይ ድምጿ ደረጃ ይወጣል። ሦስት ቀበቶ ዘረገፈችለት። አንደኛው ለስላሳ፣ እንደ ካልሲ የሚለጠጥ። «ይቺ እንኳን ሙቀት ብትሰጥዎ ነው።» ሁለተኛው ጀርባው ላይ የብረት ዘንጎች ያሉት፣ ሆድ ላይ የሚጣበቅ፣ ግራና ቀኝ የሚጎተት ላስቲክ ያለው። ሦስተኛው ጠንካራ፣ እንደ ጫማ ከኋላ በገመድ የሚታሰር።

«ከሁሉም ምርጡ ይኼ ነው! ግን ገመዱን ከኋላ ሆኖ የሚስብ ሰው ያስፈልጋል። ቤት የሚያስርልዎ አለ አይደል?»

አፉ ቀደመው። «አለች። ባለቤቴ አለች።»

ለምን እንዲህ እንዳለ እሱም አያውቅ። ሰው «ቤት ማን አለ?» ሲባል «ማንም» ማለት ይከብዳል፤ በተለይ ጠያቂዋ በዜማ ስትጠይቅ።

«እሰይ! እንግዲያው ይኼን ይውሰዱ። ቆይ ልለካዎት።»

«እኔን?» ሊያፍነው የደረሰው ሳቅ ወገቡን ነዘረው። «የኔ ልጅ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰው ስለካ ነው እኮ ያረጀሁት!» ልኩን በቃሉ ነገራት። ደግሞ፣ እንዳትስቅ፣ ሁለት ጣት ጨመረበት።

ቤቱ ገብቶ ከሸሚዙ በላይ ታጠቀው። እጁን ወደ ኋላ ቢልክ ገመዱ አይገኝም፤ ቢያገኘው አይሳብም። ጥበብ መጣለት። የገመዱን ጫፍ ከበሩ እጀታ ላይ አሰረና ወደፊት ተራመደ። አንድ እርምጃ፣ ጠበቅ። ሌላ እርምጃ፣ በሩ ብርግድ! ቁልፍ ቀራጩ ደጅ ቆሟል፣ ሻይ ይዞ።

«ጋሼ፣ አንተ በሩን እየጎተትክ ነው ወይስ በሩ አንተን?»

«ሂድ ወደ ቁልፍህ!»

«ኧረ ላስርልህ...»

«ሂድ አልኩህ!»

ሰውየው ሻዩን ደፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ጋሽ ሁለት ጣት እንደምንም አስሮ ልብስ መኪናው ፊት ተቀመጠ። ቀበቶው ተንሸራቶ ጎድኑ ላይ ወጣ። አወረደው። አሁንም ወጣ፣ ብብቱ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ፔዳሉን ገና ሲረግጥ ኮረንቲው እስከ ጣቱ ጮኸበት፤ እግሩ ተስፈንጥሮ መርፌዋ ተሰበረች። ወለሉ ላይ በጀርባው ተዘረረ። ከታች ሆኖ ጣሪያውን ሲያይ ስልኩ ጠራ።

«እህስ ወንድምዓለም? ምን ወሰንክ?»

«ነገ... ነገ እነግርሻለሁ።»

በማግስቱ ቀበቶውን በፌስታል ጠቅልሎ መደብሩ ሲደርስ፣ ልጅቷ «እንኳን ደህና...» ብላ ጀምራ ፊቱን ስታይ ዜማዋ ተቆረጠ።

«ከሸሚዝ በላይ ነው የታጠቅኩት፣ ንጹሕ ነው» አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ፕላስቲኩን ሰውዬ እያየ፣ «ትናንት ዋሽቼሻለሁ። ሚስቴ ሞታለች። የሚያስርልኝ ሰው የለም። አንድ ሰው ብቻውን የሚያስረውን ስጪኝ።»

ልጅቷ አላዘነችለትም፤ ወይም አላሳየችውም። ከአንገቷ ሜትሯን አወረደች። «እጅዎን ያንሱ።»

ስንቱን ሰው እጅ ያስነሳ ሰውዬ የራሱን የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ አየር ላይ እንደተሰቀለ ሸሚዝ ቀረ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ በሁለት ክንዷ ዞረችው። ሥራዋ ነው፤ ለሷ ሌላ ትርጉም የለውም። እሱ ግን ወገቡን ሰው የዞረው መቼ እንደሆነ ሊያስታውስ ሲሞክር ትንፋሹን ያዘ።

«ይተንፍሱ አባቴ።»

ተነፈሰ። ቁጥሩን አየች፤ ሜትሩን ፈትታ እንደገና ለካች።

«ያ የነገሩኝ ልክ ከየት የመጣ ነው?»

ከየት ይመጣል? ከሚስቱ ነዋ። በመጨረሻ የለካችው እሷ ናት፤ ለአንድ ሙሉ ልብስ። ከዚያ ወዲህ ያንኑ ቁጥር እንደ ስሙ ይዞት ኖሯል። ሁለቱን ጣት እንኳ ብትቀንስለት፣ አንድ ሙሉ መዳፍ ሰው ጎድሏል።

«በጣም ከስተዋል እኮ! ልብስ ሰፊ ሆነው ሱሪዎ ሲሰፋ አላዩም?»

«አይቻለሁ። እኔ የጨመርኩት ሁለት ጣት መስሎኝ።»

ልጅቷ ልትስቅ ብላ ተወችው። «ምግብ ማነው የሚያበስልልዎ?»

«እሱንም እኔው።»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እሱ ነው እንግዲህ። የከተማው ሁሉ ሆድ ሲሰፋ ሲጠብ የሚያውቅ ሰው፣ የራሱ ሲያልቅ አልሰማም።

ሁለተኛውን ቀበቶ አወጣች፣ ትንሹን ልክ። ታችኛው ጠርዝ ዳሌው ላይ እንዲያርፍ አድርጋ ዞረችበት። «ሆድዎ ላይ ያጣብቁት። አሁን ግራና ቀኙን እኩል ይሳቡ። እጅዎ በግድ የሚገባ ይሁን እንጂ ትርፍ አይኑረው። ትርፍ ካለው ይሸሻል። ይቀመጡ። ይነሱ። ደግመው ይቀመጡ።»

ተቀመጠ። ቀበቶው ካለበት አልተነቃነቀም። ሕመሙ አልሄደም፤ ግን መጮኹን ትቶ ማጉረምረም ጀመረ። ከሚያጉረመርም ጋር መኖር ደግሞ የታወቀ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሱቁን ከፈተ። ራሱ ታጠቀ፣ ራሱ ሳበ፣ የተሰበረችውን መርፌ ቀይሮ መኪናው ፊት ተቀመጠ። የአንድ ሱሪ አንድ ጎን ሰፋ፤ ሐኪሟ እንዳለችው ተነስቶ ጠረጴዛውን ዞረ፤ ሌላውን ጎን ሰፋ። ቁልፍ ቀራጩ በመስኮት አጮልቆ «በሩ ዛሬ እረፍት ወጣ?» ብሎት አለፈ። ሱሪው ሲያልቅ እህቱ ደወለች።

«ተከራዩ ደጅ ቆሟል። ክፍሏን ምን ላርጋት?»

«ስጪው።»

ያቺ ጆሮ የምታደነቁር ሴት ድምጿን ቀነሰች። «ብቻህን እኮ ነህ፣ ወንድምዓለም።»

«መቀመጥ ችያለሁ። ቀበቶ ገዛሁ፤ ይይዛል።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

ከበስተጀርባዋ ልጆቹ በሆነ ነገር ይጣላሉ፣ አንዱ ይስቃል፣ ድስት ክዳኑ ይንኳኳል። ስልኩን እሷም ቶሎ አልዘጋችም፣ እሱም። ልጆቹን ጸጥ እንዳታስብላቸው ብሎ በሆዱ ለመናት። ቆይታ «እሺ በል፣ ልጆቹ ሰላም ብለውሃል» አለችው። ልጆቹ ምንም አላሉም፤ እየሰማቸው ነበር።

ሲመሽ ቁልፍ ቀራጩ የሱቁን መዝጊያ ጎትቶ ወደ ቤቱ፣ ወደ ገዛ ልጆቹ ሄደ። ጋሽ ሁለት ጣትም በሩን ቆለፈ፣ መጋረጃውን አልፎ ገባና ማጣበቂያውን ላጠው፤ ጨርርር! በዚያ ቤት በዚያ ምሽት የተሰማ ድምፅ እሱ ብቻ ነው። ቀበቶው ሲወድቅ ወገቡ ቀዘቀዘው። እጁን እዚያው ላይ አድርጎ ትንሽ ቆመ።

ከዚያ ምድጃውን ለኮሰ። መብላት እንዳለበት ዛሬ በሜትር ተነግሮታል። ድስቱን ጣደና እህሉን በእጁ ዘገነ፤ አየው፤ ግማሹን መለሰ፤ እንደገና ጨመረ። ለአንድ ሰው ስንት እንደሚጣድ አሁንም አያውቅበትም።