ከአጎበር የተቆረጠ ክንፍ

አምስት ዓመት የሞላት ልጄ በመዋዕለ ሕፃናቷ በዓል ላይ ንብ ሆና እንድትዘምር መመረጧን የነገረችኝ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጨነቀኝ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ሰው "እንኳን ደስ ያለሽ" ሲለኝ ምን ሊጎድል እንደሚችል ማሰብ እጀምራለሁ።

ጥቁር ሹራቤን አሳጥሬ ቢጫ ጨርቅ በመስመር በመስመር ሰፋሁበት። የፀጉር መያዣዋ ላይ ሁለት ሽቦ አስሬ አንቴና አደረግሁላት። የቀረው ክንፍ ነበር። በምንኖርባት በጉቴ ከተማ ስስ ጨርቅ አጣሁ፤ ነቀምቴ ድረስ ሄጄ ያገኘሁትም ሮዝ ብቻ ሆነ። ይዤላት ስመጣ "ሮዝ ንብ የለም!" ብላ አለቀሰች። እውነቷን ነው፣ እኔም አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ አልጋዋን ሳነጥፍ አጎበሯን አየሁት። ነጭ ነው፣ ስስ ነው። ታችኛው ጠርዝ ፍራሹ ሥር ተጠቅጥቆ የሚውል ትርፍ ነው ብዬ መቀስ አነሳሁ። ከቆረጥኩት በኋላ ደግሞ ሌላ ጭንቀት መጣ፤ የተነከረበት መድኃኒት ቆዳዋን ቢያሳክካትስ? ክንፎቹን ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠብኳቸው።

ትርፍ ያልኩት ትርፍ አልነበረም። አጎበሩ በአንድ ጎን ከፍራሹ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። ክፍተቱን በነጠላ ብሸፍነውም ነጠላውን ጠዋት ጠዋት መሬት ላይ አገኘው ነበር። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ ቢያቆምም ውሃው በየጉድጓዱ ተኝቷል። በዓሉ እስኪያልፍ ሁለት ሳምንት ነው፣ ከዚያ መልሼ እሰፋዋለሁ አልኩ።

ልጄ "አዳዳ"፣ አክስቴ፣ እያለች የምትጠራት ጎረቤታችን ክንፉን ስለካላት ገብታ በሳቅ ፈነዳች።

"ኩን ማሊ? ምንድን ናት ይቺ? ንብ ናት ቢምቢ?"

አብሬያት ሳቅሁ። ዓይኔ ግን ወደ አጎበሩ ክፍተት ሄደ።

በበዓሉ ጠዋት ልብሷን አልብሼ አንቴናዋን ሳስተካክል ግንባሯ እጄን አቃጠለኝ። "አልታመምኩም" አለች፤ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ክንፉን ላወልቅላት ስል ጮኸችብኝ። ከነክንፏ አዝዬያት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። መንገዱን ሙሉ "ጉንፋን ይሁን፣ ቶንሲል ይሁን" እያልኩ ፈጣሪን እለምን ነበር። ለገዛ ልጄ በሽታ አማርጥ ነበር።

የጤና ባለሙያዋ በዕድሜ እናቴ የምትሆን ሴት ናት። "ጀባዹ ኢንተላ ኮ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ" እያለች ከጣቷ ደም ወሰደችላት። ውጤቱን ስንጠብቅ መዝገቧን ገለጠች።

"አጎበር አላችሁ?"

"አለን።"

"እሷስ ከሥሩ ነው የምትተኛው?"

"አዎ" አልኩ፣ መቁረጤን ደብቄ። አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪ ሲዋሽ ሳይ የምቆጣ።

ጭኔ ላይ የተኛችው ልጄ ቀና አለች። "ክንፌን ከሱ ነው የሠራችልኝ" አለችና እንድታይላት ዞራ ጀርባዋን ሰጠቻት።

ሴትየዋ የክንፉን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ቆየች። ለየቤቱ ስታድል የኖረችው አጎበር ነው፣ አይጠፋትም። ቁጣዋን እየጠበቅሁ አንገቴን ደፋሁ።

"ስፌቱ ያምራል" አለች በቀስታ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወባ ነበር። ሴትየዋ "ሳትቆርጪውም በፊት ነክሷት ይሆናል፣ ማን ያውቃል" ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች፤ አልተጽናናሁም። በዓሉ ያለ ልጄ አለፈ። እሷ ግን፣ ተመስገን፣ መድኃኒቷን ጨርሳ ዳነች።

ትኩሳቷ በለቀቃት ቀን ክንፎቹን ፈትቼ ወደ አጎበሩ መልሼ መስፋት ጀመርኩ። መድኃኒቱን በሳሙና እንዳጠብኩት አውቃለሁ፤ አዲስ እስካገኝ ክፍተቱን ቢዘጋልኝ ብዬ ነው። ልታለቅስ ነው ብዬ ስፈራ፣ አልጋዋ ላይ ተጋድማ የመርፌዬን አካሄድ በዓይኗ ትከተል ነበር።

"እማ" አለች በመጨረሻ፣ "ያንቺን ለምን አልቆረጥሽም?"

እጄ መርፌው ላይ ቆመ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ሮዝ ጨርቅ፣ ስለ ቆዳዋ፣ ስለ አንቴናዋ ስጨነቅ ይህ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ሐሳቤ አልመጣም። የኔ አጎበር እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከአልጋዋ ክንድ ርቀት ላይ፣ ሙሉውን ተሰቅሎ ነበር።